ሰባት ወር በሣጥን ውስጥ ያለቀ ዋስትና

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን እኔና ሠራተኞቼ አብረን ነው የምናነበው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌሎቻችን ገብስ እየለቀምን እንሰማለን። ስለ አምራች ኢንዱስትሪ ብዙ ትጽፋላችሁ። ስለ ብድር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ዶላር፣ ስለ «ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ አንብበናል። አንድ ነገር ግን ሲነሳ አላየሁም። ማሽን ስንገዛ የምንፈርመው የዋስትና ወረቀት ጉዳይ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእኔ የደረሰው ነገ ማሽን ሊገዛ ባሰበ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሶ አመርታለሁ። ከዚህ ሥራ በፊት 19 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር የጀመርነው ቤታችን ውስጥ በምጣድ ቆልተን፣ ሰፈር ወፍጮ ቤት እያስፈጨን ነው። ዛሬ 11 ሠራተኞች አሉን። በሶ፣ ቆሎና የአጥሚት ዱቄት አሽገን እዚሁ ከተማና አዲስ አበባ ላሉ ሱቆች እናስረክባለን። ገብሱ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ገበሬ ነው የሚመጣው።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ካለ አንድ አስመጪ ጋር ተዋዋልን። መቁያ፣ መፍጫና ማሸጊያ፣ ሦስት ማሽን። መፍጫው 22 ኪሎ ዋት ሞተር አለው። ሁሉም በአንድ ላይ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ነበር። ገሚሱ የባንክ ብድር ነው። ገሚሱ የእኔና የእህቴ ጥሪት ነው፤ እሷ የወርቅ ሐብሏን ሳይቀር ሸጣለች።

ውሉ አራት ገጽ ነው። ሦስቱን ገጽ ቃል በቃል አንብቤያለሁ። ዋጋው፣ አከፋፈሉ፣ ርክክቡ የት እንደሆነ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አራተኛው ገጽ «ዋስትናና ኃላፊነት» ይላል። ፊደሉ ደቃቅ ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነበር። «እናቴ፣ 12 ወር ሙሉ ዋስትና አለው፣ ምንም አያስቡ» አለኝ። ፈረምኩ።

ማሽኖቹ መጋቢት 9 ቀን 2016 ደረሱን። በክሬን ሲወርዱ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየልን። እህቴ እልል አለች። ከዚያ በኋላ ግን መብራቱ ቀረ። የእኛ ግቢ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ለትልቅ ሞተር የሚያስፈልገው ባለ ሦስት መስመር መብራት፣ አልነበረውም። ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶው፣ ቆጣሪው ተራ በተራ እስኪመጣ ድረስ ወራት ሄዱ። ማሽኖቹ ሣጥናቸው ውስጥ እንዳሉ፣ በላስቲክ ተሸፍነው ክረምቱን አሳለፉ። መብራቱ የገባው ጥቅምት 2017 ላይ ነው። የመጀመሪያውን ኩንታል የፈጨነው ጥቅምት 12 ቀን ነው። ቀኑን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፈነዋል፣ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

የዋስትናው ወረቀት ግን መቁጠር የጀመረው መጋቢት 9 ነው። «ገዥው ዕቃውን ከተረከበበት ቀን ጀምሮ» ይላል። ስለዚህ ማሽኑ አንድ ፍሬ ገብስ ሳይፈጭ ሰባት ወር ተቆጠረበት። 12 ወር የተባለው ዋስትና ለእኔ የአምስት ወር ዋስትና ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ይህንን ሳልቆጥር መፈረሜ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቆይቼ ስጠይቅ የእኔ ውል የተሻለ ነው ተባልኩ። የውጭ ፋብሪካዎች ለአስመጪ ሲሸጡ በብዛት የሚጽፉት ይህን ነው፦ ሥራ ከጀመረ 12 ወር፣ ወይም መርከብ ላይ ከተጫነ 18 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚሞላው። ከውጭ ሲታይ ደግ ውል ይመስላል። አሁን ቁጠሩት። ዕቃው ባሕሩን አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ከዚያ ጉምሩክ። ከዚያ አስመጪው መጋዘን ገብቶ ገዥ ይጠብቃል። ከዚያ ገዥው ግቢ ገብቶ መብራት ይጠብቃል። 18ቱ ወር እኮ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም። ስለዚህ በአስመጪው ብቻ አልፈርድም። እሱም ከፋብሪካው ያልተቀበለውን ከኪሱ አውጥቶ ሊሰጠኝ አይችልም። ነገር ግን ከፋብሪካው ጋር ሲዋዋል የመደራደር አቅም ያለው እሱ ነው። እኔ ሻንጋይ ያለውን ሰው አላውቀውም። እሱ ያውቀዋል፣ በየዓመቱ ብዙ ማሽን ይገዛዋል። የሀገሩን መንገድና የሀገሩን መብራትም ያውቃል።

ወደ ሞተሩ ልመለስ።

ጥር 14 ቀን 2017፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ መፍጫው ድምፁ ተቀየረ። ሲጮህ የነበረው ማጉረምረም ጀመረ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «እትዬ፣ ሽታ አለ» አሉኝ። የተቃጠለ ቀለም የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ጋ እስክደርስ ከማራገቢያው ሽፋን ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ማሽኑ ቆመ። የዚያኑ ቀን ወደ ሻጩ ደወልኩ። በማግሥቱም ደወልኩ። አሥራ አራት ጊዜ እንደደወልኩ ስልኬ ላይ ቆጥሬያለሁ። «ቴክኒሻን እንልካለን»፣ ቀጥሎ «መንገዱ አስተማማኝ ሲሆን እንልካለን»፣ ቀጥሎ «ሞተሩን ነቅላችሁ አዲስ አበባ አምጡልን» ተባልኩ። መንገዱ በዚያን ሰሞን አንዳንድ ቀን ይዘጋ ስለነበር እሱን አልወቅስም። ወቀሳዬ ሌላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ በጽሑፍ መጣ። ሁለት ምክንያት ይዟል። አንደኛው፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በመብራት መዋዠቅ ለሚደርስባቸው ጉዳት ዋስትና የላቸውም። ሁለተኛው፣ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ሞተሩ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ እንዲሠራ እንደማይፈቅድ ይገልጻል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያ በላይ ናት።

ሁለተኛውን ሳነብ እውነት ለመናገር ቁጭ አልኩ። መመሪያውን አውጥቼ አየሁት። ልክ ነው፣ ተጽፏል። ከፍታ፣ ከ1,000 ሜትር የማይበልጥ። ሙቀት፣ ከ40 ዲግሪ የማይበልጥ። ይህ የዚያ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ የሚሠራ ተራ የኤሌክትሪክ ሞተር አቅሙ የሚለካው በዚህ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሞተሩን እንደልብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ለከፍታ ቦታ የሚገዛ ሰው ወይ አቅሙ ከፍ ያለ ሞተር ይወስዳል፣ ወይ ጭነቱን ይቀንሳል። ይህን ማወቅ ያለበት ማነው? የበሶ ነጋዴዋ ናት ወይስ ማሽን ሻጩ?

እስቲ ካርታውን እንመልከት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ ራሷ፣ ያ ማሽን የተሸጠበት ሱቅ ያለባት ከተማ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ጎንደርና መቀሌ ከ2,000 በላይ ናቸው። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጅማ ከ1,600 በላይ። ድሬዳዋ እንኳን ከ1,000 ትበልጣለች። ታዲያ ይህ ዋስትና የሚሠራው የት ነው? ሰመራና ጋምቤላ ይሠራ ይሆናል። ከሀገሪቱ ትልልቅ ከተሞች አብዛኞቹ ላይ የማይሠራ ዋስትና እዚሁ አገር ውስጥ፣ እዚሁ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ለእኛ ይሸጣል። የሽያጭ ሠራተኛው ፕሮፎርማው ላይ «ደብረ ብርሃን» ብሎ አድራሻዬን በእጁ ጽፏል። የት እንደምተክለው ያውቅ ነበር።

በመጨረሻ ሞተሩን ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ ወሰድነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ያስተማረኝ ይህ ነው። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን በባትሪ አሳየኝ። ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ በጥቅል በጥቅል ተደርድረዋል። አንዱ ጥቅል ከሰል ሆኗል። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ የመዳብ ቀለማቸው እንዳለ ነው፣ ያበራሉ። ከዚያ እንደገና አንድ ጥቁር፣ ሁለት ንጹሕ። ዙሪያውን እንዲህ ነው። «እትዬ፣ ይቺን ይዩ» አለኝ። «ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጠፍቶ፣ ሞተሩ በሁለቱ እየታገለ ነው የተቃጠለው። በከፍታ ቢሆን፣ ወይም ጭነት በዝቶበት ቢሆን፣ ሁሉም እኩል ይጠቁር ነበር።» ከፍታው ምንም አይልም ማለቱ አይደለም። የእኛ ብርድ እንደሚያግዝ፣ ሞተሩ ከመቁያው አጠገብ መቀመጡ ግን ጥሩ እንዳልሆነ አስረድቶኛል፣ አሁን ቦታውን ቀይረነዋል። ለቃጠሎው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

ከዚያ ፓኔሉን እንድናሳየው ጠየቀ። ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ፣ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ሣጥን ነው። ከፍቶ ቢያየው አንድ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ የለውም። ቦታው እንኳ አልተተወለትም። ያ ዕቃ እኛ በኋላ ስንገዛው ከ5 ሺህ ብር በታች ነው። ሞተሩን ለማስጠቅለል የከፈልነው 52 ሺህ ብር ነው። አምስት ሳምንት ሥራ ቆመ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። የበሶ ሰው ጾም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ገበያ ነው። ከአዲስ አበባ ደንበኞቻችን ሁለቱ ከሌላ ወሰዱ፣ አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

የወንድሜ ልጅ ሕግ ተምራለች። ፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዛ መጥታ አብረን አነበብን። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ቋንቋው ከበድ ይላል፣ ሐሳቡ ግን ቀና ነው። ስለ ሽያጭ የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት ማለት ነው። እኔን የያዘኝ «የተለመደ አገልግሎት» የሚለው ቃል ነው። በኢትዮጵያ የመፍጫ ማሽን የተለመደ አገልግሎት ምንድነው? መብራት በሚሄድበት፣ በሚመጣበት፣ አንዳንዴ አንዱ ፌዝ በሚጠፋበት መስመር ላይ መፍጨት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ላይ የሚሸጥ ፓኔል መከላከያ ከሌለው ለተለመደ አገልግሎት አልተሠራም። «የመብራት መዋዠቅ አይመለከተንም» ማለት ለዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሸጦ «ውኃ ከነካው አይመለከተንም» እንደማለት ነው።

ነገር ግን እዚያው ሕግ ውስጥ የሚጎዳኝም አገኘሁ። ገዥው ዕቃውን እንደተመቸው ቶሎ መመርመር አለበት። ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ክስ ቢኖረው ደግሞ ካሳወቀ በኋላ አንድ ዓመት ሳያልፍ ማቅረብ አለበት። ከዚህ ላይ የእኔ ውል በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይላል። እኔ ደወልኩ እንጂ አልጻፍኩም። የጻፍኩት በሃያኛው ቀን ነው። ልጅቷ «አክስቴ፣ ስልኩ መደወልሽን ያሳያል፣ ምን እንዳልሽ አያሳይም» አለችኝ። አንባቢዎቼ፣ ማሽን ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንዱን ያዙልኝ። ማሽን ሲበላሽ ደውሉ፣ ግን የዚያኑ ቀን ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደታየ፣ ከፎቶ ጋር። ግልባጩ ላይ አስፈርሙ። ካልሆነ በአደራ ፖስታ ላኩ። የተቃጠለውንም ዕቃ ሳታሳዩ አታስጠግኑ። እኔ ሽቦው ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ያነሳሁት ልጁ ስለመከረኝ ብቻ ነው።

ሌላው ያስገረመኝ ነገር የሸማቾች ጥበቃ ነው። አንድ ሰው ለቤቱ የጁስ መፍጫ ገዝቶ ቢበላሽበት፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔ ግን በዚያ አዋጅ ሸማች አይደለሁም። ሸማች ማለት ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ነው፣ ለማምረቻ የሚገዛ አይደለም። የሕጉ ሐሳብ ይገባኛል። ነጋዴና ነጋዴ እኩል ተደራዳሪ ናቸው ብሎ ነው። ነገር ግን 11 ሠራተኛ ያላት የበሶ አምራችና በዓመት በመቶ የሚቆጠር ማሽን የሚያስገባ አስመጪ እኩል ተደራዳሪ አይደሉም። ውሉን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ታትሞ ይመጣል። እኛ የምንሞላው ስማችንንና ቀኑን ነው።

ስለ ኃላፊነት ገደቡም ልናገር። አራተኛው ገጽ ላይ «የሻጩ ኃላፊነት በማናቸውም ሁኔታ ገዥው ከከፈለው ዋጋ አይበልጥም፣ ለቀረ ትርፍም ተጠያቂ አይሆንም» ይላል። ይህን ዓይነት አንቀጽ ፈጽሞ አይኑር አልልም። ሻጭ ያልተገደበ ዕዳ ውስጥ ቢገባ ነገ የሚያስመጣ ሰው አናገኝም። የጠፋብኝን የጾም ገበያ ሙሉውን ይክፈለኝ ብዬም አልጠየቅሁም። ግን «የከፈለው ዋጋ» የሚለውን እንየው። ውሉን ስፈርም ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ተለወጠ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የእኔ ማሽን ያኔ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሻጩ በፍርድ ቤት ተገዶ የከፈልኩትን ብር በሙሉ ቢመልስልኝ እንኳ የማሽኑን ግማሽ እንጂ ሙሉውን አልገዛበትም። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው «ዋጋው ይመለሳል» በሚል ቃል እንዳይጽናና። «ይለወጣል» የሚለው ቃል ይጻፍ። ያው ዓይነት፣ ያው አቅም ያለው ማሽን፣ በሻጩ ወጪ።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝን ልናገር። ሞተሩ ከመቃጠሉ ከአንድ ወር በፊት ነው። መፍጫው ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በሦስት ቺንጋ ነው። ቺንጋዎቹ በፑሌጃው ላይ በፍጥነት ይሽከረከራሉ። መሸፈኛ ግን የላቸውም። ሣጥኑ ውስጥ መሸፈኛ አልነበረም፣ ማሽኑም ላይ የሚታሰርበት የቡሎን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። አንዲት ሠራተኛችን ጎንበስ ብላ ዱቄት ስትጠርግ የአንገት ልብሷን ጫፍ ያዘው። ሳብ አደረጋት። ጨርቁ ስስ ስለነበር ተቀደደ። ቢጸና ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አንገቷ ላይ እንደ ገመድ ቀይ መስመር ወጣ፣ ሁለት ሳምንት ቆየ። ልጅቷ 23 ዓመቷ ነው። የዚያን ቀን ማሽኑን ዘጋሁ። እዚህ ያለ ብየዳ ቤት ከላሜራ መሸፈኛ እስኪሠራልን አላስነሳሁትም።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ትክክል ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ። የእኔ ልጆች ናቸው። ፍትሐ ብሔሩም በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሆኖም ሠሪው ባሕር ማዶ ነው። እዚህ ያለው ሻጭ ውሉ ላይ «በዕቃው አጠቃቀም በሰውና በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ አይደለም» ብሎ ጽፏል። ያለ መሸፈኛ የተሸጠ ማሽን እጅ ቢቆርጥ ከሻጩ በኩል የሚጠየቅ የለም ማለት ነው? የሞተር ጉዳይ የገንዘብ ነው፣ ተበድሬም ቢሆን እወጣዋለሁ። የሰው አንገት ግን በውል የሚተው ነገር አይደለም። የቺንጋ መሸፈኛ የሌለው ማሽን ከመጋዘን መውጣት የለበትም። ከጉምሩክም ማለፍ የለበትም።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ እኔ የማየው ይህንን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማሽን ሲገዛ ከአቅራቢው የውል ማስከበሪያ ዋስትና፣ ማለትም ውሉ ካልተፈጸመ የሚወርሰው መያዣ፣ ይይዛል። ማሽኑ ካልሠራ የሚይዘው ነገር አለው። እኛ ትንንሾቹ የምንይዘው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋጋው አሥር በመቶውን ማሽኑ ተተክሎ፣ በሙሉ ጭነት ተሞክሮ፣ አንድ ወር ሳያቋርጥ እስኪሠራ ብንይዝ ምን ይላል? አንድ ሻጭ በዚህ ቢስማማ ወደ እሱ የማይሄድ ገዥ የለም። የዋስትናው ቁጥርም ማሽኑ ከተነሳበት ቀን ይጀምር፤ መብራት ባለመግባቱ ገዥው ቢዘገይ እስከ ስድስት ወር ይጠብቀው። ሞተሩና ፓኔሉ የሚተከልበትን ከተማ ከፍታ ታይቶ መመረጡ ውሉ ላይ በስም ይጻፍ። ቶሎ የሚያልቁት፣ ኩሽኔታው፣ ቺንጋው፣ ወንፊቱ፣ ከዋስትና ውጭ ቢሆኑ ቅር አይለኝም፤ ግን መለዋወጫቸው አገር ውስጥ ይኑር።

ይህን ማስገደድ የሚችሉት ባንኮችና የካፒታል ዕቃ አከራዮች ናቸው። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጁ በ1990 ወጥቶ በ2005 ተሻሽሏል፤ ብዙ ወጣቶች ማሽን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ማሽኑን ከሻጩ የሚገዛው አከራዩ ነው፣ የሚሠራበት ደግሞ ወጣቱ ነው። ማሽኑ ሲቆም ኪራዩ አይቆምም። ስለዚህ አከራዩ ሻጩ ጋ ሲሄድ የወጣቱን ጥቅም ይዞ ይሂድ። ባንኬ ለብድሩ የቤቴን ካርታ ይዟል፣ የኢንሹራንስ ወረቀት አምጪ ብሎኛል፣ የዋስትናውን ገጽ ግን ከፍቶ አላየውም። ብድሩ የሚመለሰው ከዚያ ማሽን ነው እኮ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ደግሞ አንድ የማሽን ሽያጭ ናሙና ውል አዘጋጅተው በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን፣ ፊደሉ በሚነበብ መጠን፣ ለየወረዳው ቢልኩ ወጪው ትንሽ ነው። ተቀበሉ ብለው ባያስገድዱ እንኳ ገዥው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያወዳድራል።

የአስመጪዎች ማኅበራትም ይህን ቢያነብቡ ደስ ይለኛል። ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም። ያለ እናንተ እኔ ዛሬም በምጣድ እቆላ ነበር። እናንተም የውጭ ምንዛሬ ስትጠብቁ፣ መለዋወጫ ወደብ ላይ ሲያድርባችሁ አውቃለሁ። ከፋብሪካው ጋር ስትዋዋሉ ግን 18 ወሩ ከመርከብ ሳይሆን ማሽኑ ከተነሳበት ቀን እንዲቆጠር ጠይቁልን። የፌዝ መቆጣጠሪያውን ፓኔሉ ውስጥ አስገብታችሁ ላኩ በሏቸው። ዋጋው ላይ ጨምሩት፣ እንከፍላለን።

የእኔ ሞተር ተጠቅልሎ እየሠራ ነው። ክስ አላቀረብኩም፤ ጊዜዬን በሶው ላይ ማዋል መረጥኩ። አሁን ሁለተኛ መቁያ ልንገዛ ከሌላ ሻጭ ፕሮፎርማ ይዘናል። ውሉ አምስት ገጽ ነው። በዚህ ጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ነው ማንበብ የጀመርኩት። «ከተረከበበት ቀን» የሚለውን ሰርዤ «ተተክሎ ሥራ ከጀመረበት ቀን» ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌያለሁ። ከፍታ የሚለው ቦታ ላይ 2,800 ሜትር ብዬ ሞልቻለሁ። የቺንጋ መሸፈኛ የሚል አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ትናንት በመልእክተኛ ልኬለታለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የበሶ አምራች፣ ከደብረ ብርሃን